ኦርጋኒኩ የፈረንሳይ ቀይ ወይን፦ ጭማሪው ገንዘብ ለምኑ ይከፈላል?

ከፈረንሳይ በሚመጣ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ጀርባ ላይ፣ በአረንጓዴ መደብ የቅጠል ቅርጽ ይዘው የተደረደሩ 12 ነጫጭ ኮከቦች ከታዩ ወይኑ ኦርጋኒክ ነው ማለት ነው። ከምልክቱ አጠገብ የምትነበበው አጭር መለያ ምስክርነቱን የሰጠው ማን እንደሆነ ትናገራለች። ለምሳሌ «ኤፍ አር-ባዮ-01» የምትለው በ1991 የተቋቋመው የኤኮሰርት መለያ ናት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ምልክት ያለበት ጠርሙስ ምልክት ከሌለው ጎረቤቱ ብዙውን ጊዜ ወደድ ይላል። ነጋዴ የዋጋ ልዩነት ሲያይ የሚያነሣው ጥያቄ ደግሞ የታወቀ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከወጪ ነው? ከጥራት ነው? ወይስ ከስም?

ጥያቄው ለአገራችን ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ኦርጋኒክ ቡና የሚልክ ሰው ለቁጥጥሩ ይከፍላል፣ መዝገብ ይይዛል፣ በምላሹም ከተራው ቡና ዋጋ በላይ ጭማሪ ይጠብቃል። የቡናና የወይን መንገድ የሚለያየው ከዚያ በኋላ ነው። ቡናው ባመዛኙ ተደባልቆና ተቆልቶ በሌላ ሰው ስም ሲሸጥ፣ ወይኑ ግን ብዙ ጊዜ በአምራቹ ስም ታሽጎ ጠጪው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ስለሆነም የምስክር ወረቀቱ ዋጋ በመጨረሻ የሚፈተነው በብርጭቆው ውስጥና ከብርጭቆው ጎን በተቀመጠው ሳህን ነው።

ምልክቱ የሚመሰክረውና የማይመሰክረው

ፈረንሳይ የራሷን የኦርጋኒክ እርሻ ምልክት ያወጣችው በ1985 ነው። ይሁን እንጂ በአውሮፓ ሕግ «ኦርጋኒክ ወይን» የሚባል መጠጥ እስከ 2012 ድረስ አልነበረም። የነበረው «በኦርጋኒክ መንገድ ከለማ ፍሬ የተሠራ ወይን» ነበር፤ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ በመጥመቂያው ቤት የሚደረገውን የኦርጋኒክ ደንቡ አያይም ነበር። ከ2012 ምርት ጀምሮ ግን ደንቡ ወደ መጥመቂያውም ገባ። ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው የሰልፋይት ጣሪያ ነው። ሰልፋይት ወይኑ እንዳይበላሽና ቀለሙ እንዳይለወጥ የሚጨመር መጠበቂያ ሲሆን፣ በተራ ደረቅ ቀይ ወይን በሊትር እስከ 150 ሚሊ ግራም ይፈቀዳል። በኦርጋኒኩ ከ100 አያልፍም። እርሾው ራሱ ሲያፈላ ጥቂት ሰልፋይት ስለሚፈጥር፣ «ምንም የሌለበት» የሚለውን የሻጭ ቃል በጥንቃቄ መስማት ይበጃል።

በእርሻው በኩል በፋብሪካ የተቀመሙ የአረም፣ የተባይና የሻጋታ መድኃኒቶች እንዲሁም ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ የተከለከሉ ናቸው። ወደ ኦርጋኒክ የሚሸጋገር ገበሬ ሦስት ዓመት በአዲሱ ደንብ ማምረት አለበት። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ወጪው የኦርጋኒክ ነው፤ የሚሸጥበት ስም ግን ገና የኦርጋኒክ አይደለም።

ኦርጋኒክ ማለት ምንም ያልተረጨበት ማለት አይደለም። በቦርዶ አካባቢ በሜዶክ አንዳንድ ገበሬዎች መንገደኛ ፍሬውን እንዳይሰርቃቸው በመንገድ ዳር ያለውን የወይን ተክል ኖራና የመዳብ ሰልፌት ይቀቡት ነበር። ፒየር ሚያርዴ የተባሉት የዕፅዋት ተመራማሪ የተቀባው ተክል ሚልዲው በተባለው የቅጠል ሻጋታ እንደማይጠቃ አስተውለው፣ በ1885 ድብልቁን በመድኃኒትነት አስተዋወቁት። የዛሬው ኦርጋኒክ ገበሬም ዋና መከላከያው ይኸው መዳብ ነው። በአሁኑ ደንብ በአንድ ሄክታር በሰባት ዓመት ከ28 ኪሎ ግራም በላይ መጠቀም አይፈቀድም። ምክንያቱም መዳብ በአፈር ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም። ይህ የአምራቾቹ ማስታወቂያ እምብዛም የማይናገረው ጎን ነው።

ዝናብ ያለበትና ነፋስ ያለበት

መዳብ ከቅጠሉ ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ዝናብ ሲጥል ይታጠባል። ስለዚህ ዝናባማ በሆነ የጸደይ ወራት ገበሬው ደጋግሞ መርጨት አለበት፤ ትራክተሩ፣ ነዳጁና የሰው ጉልበቱ አብሮ ይደጋገማል። ይህም ሆኖ ምርቱ ላይተርፍ ይችላል። በ2018 ቦርዶን ሚልዲው ክፉኛ ሲመታው፣ በማርጎ የሚገኘውና በኦርጋኒክ ላይ ጨምሮ ባዮዳይናሚክ የተባለውን ጥብቅ ሥርዓት የሚከተለው ሻቶ ፓልመር ከአንድ ሄክታር ያገኘው 11 ሄክቶ ሊትር ብቻ ነበር። ይህ በጠርሙስ ሲሰላ ወደ 1,470 ገደማ ነው። 40 ሄክቶ ሊትር ቢታፈስ ኖሮ ከ5,300 ጠርሙስ በላይ ይገኝ ነበር። የመሬቱ፣ የሠራተኛውና የመጥመቂያው ወጪ ግን ምርቱ ስላነሰ አይቀንስም። እንደ ፓልመር ያለ ስም ያለው ቤት ይህን ጉዳት በጠርሙስ ዋጋ ማካካስ ይችል ይሆናል። ስም የሌለው ጎረቤቱ ከየት ያመጣዋል?

ወደ ደቡብ፣ ወደ ሮን ሸለቆ ሲወረድ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ሚስትራል የሚባለው ቀዝቃዛና ደረቅ የሰሜን ነፋስ ሸለቆውን ይዞ ሲነፍስ ከዝናብ በኋላ ቅጠሉን ቶሎ ያደርቀዋል። ፀሐዩም ይበዛል። ሻጋታው የሚፈልገውን እርጥበት ስለማያገኝ ርጭቱ ያንሳል፣ አደጋውም ይቀንሳል። ኦርጋኒክ ወይን በደቡብ ፈረንሳይ፣ ማለትም በሮን፣ በፕሮቫንስና በላንግዶክ፣ የሰፋው በአጋጣሚ አይደለም። ሒሳብ ለሚያሰላ ገዢ ትርጉሙ ግልጽ ነው። አረንጓዴው ምልክት በሁለቱም ጠርሙሶች ላይ አንድ ቢሆንም፣ በቦርዶው ዋጋ ውስጥ ለዝናብ የተከፈለ መድን አለ፤ በሮኑ ውስጥ ይህ ክፍያ አነስተኛ ነው። በተመጣጣኝ ዋጋ ኦርጋኒክ ቀይ ወይን የሚፈልግ ሰው ከደቡቡ ቢጀምር አያጣም።

የምስክር ወረቀቱ ሲያተርፍ፣ ምልክቱ ሲያከስር

ማጋሊ ዴልማስና ሎራ ግራንት የተባሉ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ ወይኖች ዋጋ ላይ አጥንተው በ2014 ያሳተሙት ውጤት ለማንም የገበያ ሰው የሚያስገርም ነው። የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት ያለው ወይን ዋጋው በ13 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። አምራቹ ያንኑ ምስክርነት በጠርሙሱ ላይ ምልክት አድርጎ ሲለጥፍ ግን ዋጋው በ20 በመቶ ዝቅ አለ። ተክሉን በጥንቃቄ መያዝ ለወይኑ ይጠቅማል፤ ሸማቹ ግን ቀድሞ ቶሎ የሚበላሹ ኦርጋኒክ ወይኖችን ያስታውሳልና ምልክቱን ሲያይ ይሸሻል የሚል ትርጓሜ ተሰጥቶታል።

ዴልማስ ከሌሎች ባልደረቦች ጋር በ2016 ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ ወደ 74,000 የሚጠጉ የካሊፎርኒያ ወይኖች ባለሙያ ቀማሾች ከመቶ የሰጧቸው ነጥቦች ተነጻጽረው፣ ምስክርነት ያላቸው በአማካይ የ4.1 ነጥብ ብልጫ አሳይተዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለሦስት ዓመት ሽግግር የሚታገሥ ገበሬ ከመጀመሪያውም ለእርሻው የሚጠነቀቅ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ብልጫው የሰውየው ይሁን የደንቡ በነጥብ ብቻ አይለይም። በአማካይ የተገኘ ብልጫ ደግሞ አሁን በእጅ ስለተያዘው ጠርሙስ የሚለው ነገር የለም። እሱን መቅመስ ነው።

ቅምሻው

ለአብነት የደቡብ ሮን ቀይ ወይን ይወሰድ። ኮት ዱ ሮን ተብሎ የሚሸጠው ቀይ በዋናነት ግረናሽ ከተባለው የወይን ዓይነት፣ ከሲራና ከሙርቬድር ይቀመማል። አካባቢው በኦርጋኒክ ሥራ የቆየ ታሪክ አለው። በሻቶኔፍ ዱ ፓፕ የሚገኘው የሻቶ ደ ቦካስቴል ባለቤት ዣክ ፔረን የፋብሪካ ኬሚካል የተዉት በ1950 ነበር። ያኔ «ኦርጋኒክ» የሚል ምልክትም ጭማሪ ዋጋም አልነበረም።

በመጀመሪያ ሙቀቱ ነው። «ቀይ ወይን በክፍሉ ሙቀት ይቀርባል» የሚለው ልማድ የመጣው ቀዝቃዛ ድንጋይ ቤት ከነበራቸው ሰዎች ነው። የሮን ቀይ ከ16 እስከ 17 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ይጣፍጣል። ከዚያ ሲሞቅ አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫ ይመታል፤ ግረናሽ ደግሞ 14 በመቶና ከዚያ በላይ አልኮል የሚደርስ ዓይነት ነው። ከመከፈቱ በፊት ሃያ ደቂቃ ያህል በፍሪጅ ማቆየት ይበቃል።

ቀጥሎ ብርጭቆው ሲሶው ድረስ ብቻ ይቀዳና በነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል ተደርጎ ይታያል። ግረናሽ የሚያመዝንበት ወይን ቀለሙ ስስ ሲሆን፣ ሲቆይ ጠርዙ ወደ ሸክላ ቀለም ይሄዳል። ሲራ የበዛበት ጥቁር ወይን ጠጅ ነው። ደፍረስ ያለ ከሆነ ሳይጣራ ታሽጎ ይሆናልና በዚህ ብቻ መመለስ አይገባም።

ከዚያ ማሽተት ነው። ጠርሙሱ እንደተከፈተ የተጫረ ክብሪት ወይም የተቀቀለ እንቁላል የሚመስል ሽታ ሊኖር ይችላል። ይህ አየር ሳያገኝ በመቆየቱ የሚመጣ ሲሆን፣ ወደ ሰፊ ዕቃ ተገልብጦ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። የማይጠፉት ሌሎች ናቸው። የሆምጣጤ ሽታ ወይኑ መበላሸቱን ይናገራል። የፈረስ ጋጣ ሽታ ብሬታኖሚሲስ የተባለ እርሾ ሥራ ነው፤ በጥቂቱ የሚወዱት አሉ፣ ሲበዛ ግን ፍሬውን ይሸፍነዋል። ሰልፋይት ሲቀንስ እነዚህን ሁለቱን ለመከላከል የመጥመቂያው ቤት ንጽሕና ወሳኝ ይሆናል። የረጠበ ካርቶን የሚሸት ከሆነ ጥፋቱ በአብዛኛው የቡሹ ነውና ኦርጋኒክ ከመሆኑ ጋር አይያያዝም።

ጤነኛው የሮን ቀይ እንደ እንጆሪ ያለ ቀይ ፍሬ፣ ጦስኝና ቁንዶ በርበሬ ይሸታል። የቁንዶ በርበሬው ነገር ምናብ አይደለም። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2008 እንዳሳዩት፣ ሮታንዶን የተባለ አንድ ንጥረ ነገር በቁንዶ በርበሬም በሲራ ወይንም ውስጥ ይገኛል። ከተፈተኑት ሰዎች አንድ አምስተኛ ያህሉ ግን ጨርሶ ሊያሸቱት አልቻሉም። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ከአንድ ጠርሙስ ቀድተው ስለ በርበሬው ቢከራከሩ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

አፍ ላይ ሲደርስ ቡና ቀማሾች እንደሚያደርጉት ከአየር ጋር ሳብ አድርጎ ምላስ ላይ ማንከባለል ይገባል። የሚመረመሩት ነገሮች ሦስት ናቸው፦ ምራቅ የሚጠራው ኮምጣጣነት፣ ብዙ እንደቆየ ሻይ ድድ የሚያደርቀው ታኒን፣ ጉሮሮ የሚያሞቀው አልኮል። አንዱ ሌላውን ካልዋጠ ወይኑ ሚዛን አለው። ከተዋጠ በኋላ ጣዕሙ ስንት ሴኮንድ እንደሚቆይም ይቆጠራል፤ ርካሹና ውዱ ብዙ ጊዜ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው።

አስመጪ ወይም የሆቴል ገዢ በምልክቱ እንዳይመራ ቀላል መንገድ አለ። ከአንድ አካባቢ፣ በአንድ ዓመት የተመረቱና ዋጋቸው የተቀራረበ ሁለት ጠርሙሶችን፣ አንዱን ባለ ምልክት አንዱን ያለ ምልክት፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ በሌላ ሰው ማስቀዳት፤ ነጥቡን ጽፎ ከጨረሱ በኋላ ብቻ ጋዜጣውን መፍታት። በዚህ ፈተና ሁለት ጊዜ ያልበለጠ ጠርሙስ ጭማሪ ዋጋ የሚጠይቅበት ምክንያት በስሙ ብቻ ነው።

ሳህኑ ላይ ምን ይቀመጥ?

ታኒን ከፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ድድ የሚያደርቀው በምራቅ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ስለሚይዝ ነው። ሥጋና ስብ አብረው ሲቀርቡ ታኒኑ እነሱን ይይዝና አፍ ይለሰልሳል። ጨውም እንዲሁ ያለዝበዋል። ጣፋጭ ነገር ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ከኬክ ጋር የተጠጣ ደረቅ ቀይ ወይን ኮምጣጣና መራራ ይሆናል። በሠርግና በልደት ግብዣዎች ጥሩ ጥሩ ጠርሙሶች በከንቱ የሚሞቱት በዚህ ነው።

የደቡብ ፈረንሳይ ማዕድ የተሠራው ለዚህ ወይን ነው ማለት ይቻላል። ዶብ የሚባለው የፕሮቫንስ ወጥ የበሬ ሥጋ በቀይ ወይን ተዘፍዝፎ ካደረ በኋላ በብርቱካን ልጣጭ፣ በጦስኝና በነጭ ሽንኩርት ለሰዓታት በቀስታ የሚበስል ነው። የበግ ጭን ጥብስም አለ። ለሥጋ የማይደርስ በደበርጃን፣ በዙኩኒና በቲማቲም የሚሠራውን ራታቱይ ይይዛል፤ ቲማቲሙ ኮምጣጣ ስለሆነ በዚህ ጊዜ ግረናሽ የሚያመዝንበት ለስላሳው ወይን ይመረጣል። ከፎርማጆ እንደ ኮንቴ ያለው ጠንካራው ይስማማል። ለስላሳው የፍየል አይብ ግን ከነጭ ወይን ጋር ቢሄድ ይሻለዋል። ዓሣን በተመለከተ የጃፓን ተመራማሪዎች በ2009 ምክንያቱን አግኝተዋል፤ በቀይ ወይን ውስጥ ያለው ብረት ከዓሣው ጋር ሲገናኝ አፍ ላይ የሚቀር ክፉ የዓሣ ጣዕም ያመጣል።

አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ለሚያስብ ሰው ከዚህ ማዕድ ጋር የሚያገናኝ ቀጥተኛ ድልድይ አለ። በደቡብ ፈረንሳይ ኮረብቶች የሚበቅለውና የበግ ሥጋው ላይ የሚነሰነሰው ሮዝማሪኖ እኛ የጥብስ ቅጠል የምንለው ነው። በጥብስ ቅጠል የተጠበሰ የበግ ጥብስ፣ ቃሪያው ሳይበዛ፣ የሮን ቀይ ያለ ምንም ማሻሻያ ይቀበለዋል። የሲራን ጣዕም ራሱ የአገራችን ጠጪ አያጣውም፤ የፈረንሳዩ ካስቴል በዝዋይ ተክሎ በ2014 ገበያ ላይ ካዋላቸው ወይኖች አንዱ ሲራ ነበር።

ዶሮ ወጥ ሌላ ጉዳይ ነው። በርበሬ የአልኮሉን ማቃጠልና የታኒኑን መያዝ ሁለቱንም ያባብሳል። 14 ነጥብ 5 በመቶ አልኮል ያለውን የሮን ቀይ ከዶሮ ወጥ ጋር ማቅረብ ወጡንም ወይኑንም መበደል ነው። ቀይ ወይን የግድ ከሆነ የሚሻለው ጋሜ ከተባለው ታኒን ያነሰው ፍሬ የሚሠራው ቦዦሌ ነው፤ እሱም ወደ 13 ዲግሪ ቀዝቀዝ ብሎ ሲቀርብ። በዚያ አካባቢም በሞርጎን ማርሴል ላፒየር ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ያለ ኬሚካል በመሥራት ብዙ ተከታይ አፍርተዋል። ክትፎ በመካከል ይቆማል፤ ቅቤው ታኒኑን ያለዝበዋል፣ ሚጥሚጣው ግን መጠን ይፈልጋል።

ለመግዛትና ለማጓጓዝ

ገበያው በአሁኑ ጊዜ ለገዢ ያደላል። የፈረንሳይ ወይን፣ በተለይ ቀዩ፣ ፍላጎቱ በመቀነሱ መንግሥት ትርፉን ወይን አስወግዶ ወደ አልኮልነት ለመለወጥ በ2023 ከአውሮፓ ኅብረት ጋር 200 ሚሊዮን ዩሮ መድቦ ነበር። በ2024 ደግሞ ተክሉን ነቅሎ ለሚጥል ገበሬ በሄክታር 4,000 ዩሮ የሚከፈልበት፣ በጠቅላላው 120 ሚሊዮን ዩሮ የሚፈጅ ዕቅድ ወጣ። ይህ በሆነበት ጊዜ ከአገሪቱ የወይን እርሻ አምስት አንድ ያህሉ ኦርጋኒክ ወይም በሽግግር ላይ ነበር። ስለዚህ ዋጋ ሳይደራደር የሚገዛ አስመጪ በራሱ ላይ ይፈርዳል።

መልሶ የመላክ ሐሳብ ያለው ወይም በአሜሪካ ላሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የሚያቀርብ ሰው ደግሞ የስሙን ጉዳይ ይወቅ። የአሜሪካ ደንብ ሰልፋይት የተጨመረበትን ወይን «ኦርጋኒክ ወይን» ብሎ መሸጥ አይፈቅድም። አውሮፓ ውስጥ ኦርጋኒክ የሆነው ጠርሙስ ሰልፋይት ካለበት እዚያ ሲደርስ «በኦርጋኒክ የወይን ፍሬ የተሠራ» ይባላል።

ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣው ትልቁ ፈተና ሙቀት ነው። ሰልፋይቱ ያነሰ ወይን መከላከያውም ያነሰ ነውና ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት ለረጅም ጊዜ ከቆየበት ፍሬው ይጠፋል፣ ቡሹም ሊገፋ ይችላል። የጂቡቲ ወደብ ደግሞ በበጋዋ ወራት ከ40 ዲግሪ የምታልፍ ናት፤ የብረት ኮንቴይነር ውስጡ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ የሚያዋጣው ጭነቱ በጂቡቲ ቀዝቀዝ በሚልበት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ወደቡ እንዲደርስ ማዘዝ፣ ወሩ ከዘገየም ማቀዝቀዣ ያለው ኮንቴይነር መጠየቅ ነው። ሆቴሎችም በብርጭቆ የሚሸጡትን የተከፈተ ጠርሙስ ከባር መደርደሪያ አንሥተው ፍሪጅ ቢያስገቡትና በማግሥቱ ቢጨርሱት ደንበኛ አይመልስባቸውም።